አንድ ንዑስ ርዕስ ቦልድ ሳደርግ ምዕራፉ ሁሉ ቦልድ ሆነ፤ 164 ገጽ ይዤ ተቸግሬያለሁ

የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፕሪንት እሠራለሁ። ድሮ ፒያሳ ነበርኩ፤ ቤቱ ሲፈርስ ወደዚህ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት ጽፌያለሁ። የክስ ማመልከቻ፣ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልጻፍኩት የለም። በፍጥነት አልታማም። ግን ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ስታይል የሚባለውን ነገር ማንም አላስተማረኝም። እኔም ፈርቼው አልነካውም ነበር። አሁን እሱ ራሱ መጣብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ ጥናቱን አመጣልኝ። ስለ አማርኛ ሥነ ግጥም ነው፤ 164 ገጽ። አንደኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ እኔ ጻፍኩለት። ሁለተኛውን ጓደኛው ጽፎለት በፍላሽ አመጣው። ሦስተኛው ከድሮ ፋይሉ የወጣ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ለጠፍኩት። ትናንት ከአማካሪው ተመልሶ መጣ። የመስመር ክፍተቱ ከ1.5 ወደ 2 ይቀየር፣ የንዑስ ርዕሶቹ ፊደል መጠን 13 ይሁን ተብሏል። ዲፌንሱ ሐሙስ ነው።

ሥራውን ጀመርኩ። ገጽ 41 ላይ አንድ ንዑስ ርዕስ ቦልድ አደረግኩ። ቀና ስል ምዕራፍ ሁለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦልድ ሆኗል። መለስኩት። ሌላ ቦታ ሞከርኩ፤ ያው ነው። በምዕራፍ አንድ ላይ ግን እንዲህ አያደርግም።

ክፍተቱን ለመቀየር ኮንትሮል ኤ ብዬ ሁሉንም መረጥኩና 2 አደረግኩት። ሠንጠረዦቹም፣ ግጥሞቹም፣ የፊት ገጹም አብረው ተለጠጡ። ርዕሶቹ ከገጽ ግርጌ ብቻቸውን ቀሩ። በኤንተር እየገፋሁ ወደሚቀጥለው ገጽ አወረድኳቸው። ከዚያ ከላይ አንድ መስመር ስሰርዝ ሁሉም እንደገና ተናጋ።

ግጥሞቹ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጽሑፉ ጀስቲፋይ (በግራም በቀኝም ጠርዝ እኩል) ስለሆነ ስንኙ ይለጠጣል። አራት ቃል ያለው ስንኝ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተዘርግቶ በቃልና በቃል መካከል ጣት ያስገባል። ማውጫውን በእጄ ነው ነጥብ በነጥብ የሠራሁት። ገጽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደገና እቆጥራለሁ። ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

አንድ ልጅ «ክሊር ፎርማቲንግ በይው፣ ይጸዳል» አለኝ። ምዕራፍ ሦስት ላይ አልኩት። አማርኛው በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ዝባዝንኬ ተቀየረ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ኮንትሮል ዜድ አተረፈኝ።

እባካችሁ ከሥሩ አስረዱኝ። የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። ልጁ አምኖ ነው የሰጠኝ።

ሰባራ ባቡር

እህት፣ የመጀመሪያውን እኔ ልንገርሽ፤ በእኔም ላይ ደርሶ ስለነበር አውቀዋለሁ። ምዕራፍ ሁለት ላይ አንዱን ተራ አንቀጽ ክሊክ አድርጊ። ሆም በሚለው ሥር ስታይሎቹ የተደረደሩበት ሳጥን አለ፤ የትኛው እንደተመረጠ እዪ። ወርድ ራሱ የሚሰጠው ኖርማል የሚባለው ስታይል አይሆንም፤ ቦዲ ቴክስት ወይም ጓደኛው ራሱ የሰየመው ይሆናል። በቀኝ ክሊክ አድርገሽ ሞዲፋይ በዪ። ከታች አውቶማቲካሊ አፕዴት የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ምልክት ተደርጎበት ታገኚዋለሽ። አንሺው።

ያ ምልክት ካለ አንዱን አንቀጽ በእጅሽ በቀየርሽ ቁጥር ወርድ ስታይሉን ራሱን እንደቀየርሽው ይቆጥረዋል። ስለዚህ በዚያ ስም የሚጠራ አንቀጽ ሁሉ አብሮ ይቀየራል። ንዑስ ርዕሱም ተራው አንቀጽም ምዕራፍ ሁለት ውስጥ አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ለዚህ ነው። ኖርማል ላይ ይህ ሳጥን ጭራሽ የለም፤ ምዕራፍ አንድ ሰላም የሆነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ቀረው የሚያውቅ ይምጣ።

ፊደል ለቃሚው

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ለምን እንደሆነ» ማለትሽ ደስ አሰኘኝ፤ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ወጣት ሆኜ ሥራ የጀመርኩት በማተሚያ ቤት ነው፣ እዚሁ አራት ኪሎ። ፊደሉ እርሳስ ነበር፤ አንድ በአንድ እየለቀምን እንደረድረው ነበር። በእጅ የተጻፈ ይሁን በታይፕ፣ ረቂቅ ሲመጣ አለቃችን መጀመሪያ በቀይ እርሳስ ኅዳጉ ላይ ምልክት ያደርግበታል። ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ንዑስ ነው፣ ይህ ጥቅስ ነው፣ ይህ ግጥም ነው። ስለ መጠን አንዲት ቃል አይጽፍም። መጠኑ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነበር፦ ርዕስ ማለት ይህን ያህል፣ ጥቅስ ማለት ይህን ያህል። ደራሲው ሐሳቡን ሲቀይር የሚቀየረው የግድግዳው ወረቀት እንጂ ረቂቁ አልነበረም።

ስታይል ማለት ይኸው ነው። ለአንቀጹ ስም ትሰጪዋለሽ። መልኩ ከስሙ ጋር ይኖራል። አንቺ ግን እስከ ዛሬ ስም ሳትሰጪ መልክ ስትቀቢ ነው የኖርሽው። ለአንድ ገጽ ማመልከቻ ችግር የለውም። ለ164 ገጽ ግን እያንዳንዱ አንቀጽ ለብቻው ያመፀ ሰው ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጊ፤ የመጀመሪያውን አትንኪው። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8 ተጫኚ። በየአንቀጹ መጨረሻ ¶ የሚል ምልክት ይወጣል። እሱን ምልክት ጠላት አታድርጊው። የአንቀጹ ስምና መልክ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። በባዶ መስመር ላይ ይህ ምልክት አምስት ስድስት ጊዜ ተደርድሮ ካየሽ፣ በኤንተር የገፋሽበት ቦታ ነው። ሁሉንም አጥፊ። ክፍተቱ የሚሰጠው በስታይሉ ውስጥ፣ ፓራግራፍ በሚለው፣ ቢፎርና አፍተር በሚባሉት ቁጥሮች ነው።

ቀጥሎ የዋናውን ጽሑፍ ስታይል ሥሪ። ኖርማልን አትጠቀሚበት። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሌሎቹ ስታይሎች አብዛኞቹ ከኖርማል የተወለዱ ናቸው። ኖርማልን 2 ብትዪው ሠንጠረዡም፣ የገጽ ቁጥሩ መስመርም፣ ሁሉም እንደ ትናንቱ ይከተለዋል። አዲስ ስታይል ፍጠሪ፤ «የጥናት አንቀጽ» በዪው። የመስመር ክፍተት 2፣ ጀስቲፋይ፣ ፎንቱን፣ 12 ፖይንት፣ ሁሉንም እዚያ ውስጥ አስገቢ። ለሠንጠረዥ ውስጥ ጽሑፍ ደግሞ «የሠንጠረዥ ጽሑፍ» የሚል ሌላ፣ ክፍተቱ 1።

ለምዕራፍ ርዕስ ሄዲንግ 1ን፣ ለንዑስ ሄዲንግ 2ን ተጠቀሚ። የራስሽን ስም አትፍጠሪላቸው፤ ማውጫው እነሱን ነው የሚፈልገው። ኮንትሮል፣ ኦልትና 1 ብትዪ ሄዲንግ 1 ይሆናል፤ 2 ብትዪ ሄዲንግ 2። መልካቸውን ካልወደድሽው ሞዲፋይ ብለሽ 13 አድርጊው፣ ቀለሙን ጥቁር አድርጊው። ርዕስ ከገጽ ግርጌ ብቻውን የሚቀረው ኪፕ ዊዝ ኔክስት የሚባለው ስለሌለው ነው። በሄዲንግ ስታይሎች ውስጥ ይህ ድሮም አለ። ቀጥሎ ከሚመጣው አንቀጽ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። ምዕራፍ ሁልጊዜ በአዲስ ገጽ እንዲጀምር ደግሞ በሄዲንግ 1 ውስጥ ፔጅ ብሬክ ቢፎር የሚለውን ምልክት አድርጊበት። ከዚያ በኋላ ኤንተር ለመግፋት አያስፈልግሽም።

164 ገጽ ውስጥ ያለውን ንዑስ ርዕስ አንድ በአንድ ልፈልግ ነው ወይ ትዪኝ ይሆናል። አይደለም። አንዱን በእጅሽ ቦልድ ያደረግሽውን ንዑስ ርዕስ ምረጪ። ሆም ላይ በቀኝ ጫፍ ሴሌክት የሚል አለ፤ እሱን ከፍተሽ ሴሌክት ቴክስት ዊዝ ሲሚላር ፎርማቲንግ በዪ። መልካቸው አንድ ዓይነት የሆነው ሁሉ ባንዴ ይመረጣል። ሄዲንግ 2 በዪው። ሲያልቅ ቪው ውስጥ ናቪጌሽን ፔን ክፈቺ፤ ርዕሶቹ በግራ በኩል ተደርድረው ታያቸዋለሽ። የጎደለው ወይም ያለ ቦታው የገባው እዚያ ላይ ወዲያው ይታያል።

አንድ ነገር እወቂ። በእጅ የተቀባ መልክ ከስታይል ይበልጣል። ስታይሉን ብትቀይሪም በእጅ 1.5 የተደረገ አንቀጽ 1.5 እንዳለ ይቆማል። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ምረጪና ኮንትሮል ኪው ተጫኚ፤ የአንቀጹ የእጅ ሥራ ይነሳና ወደ ስታይሉ ይመለሳል። ለፊደሉ ደግሞ ኮንትሮልና ስፔስ ነው። ይህን ሁለተኛውን ግን በጅምላ አትጠቀሚ፤ ልጁ ሆን ብሎ ያደመቃቸውን ቃላትም ያጠፋብሻል።

ማውጫውን አጥፊው፤ ያንን ነጥብ በነጥብ የሠራሽውን። ሬፈረንስስ ውስጥ ቴብል ኦፍ ኮንተንትስ አለ። ከሄዲንጎቹ ራሱ ይሠራዋል። ገጽ ሲቀየር ማውጫው ላይ ቆመሽ ኤፍ 9 ተጫኚ። ማውጫው ውስጥ ገብተሽ በእጅ ምንም አታርሚ። አፕዴት ስትዪው ያረምሽው ይጠፋል። የተሳሳተ ቃል ካለ እዚያው ምዕራፉ ላይ ያለውን ርዕስ አርሚ።

ምዕራፍ ሦስት የተለየ ነገር ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሪልኝ፤ ከዚያ እጽፍልሻለሁ። በኮፒው ላይ ከዚያ ምዕራፍ አንድ ቃል ምረጪና ፎንቱን ታይምስ ኒው ሮማን አድርጊው። አማርኛ ሆኖ ይቀራል ወይስ ወደ ላቲን ይቀየራል?

የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥዋት ሱቁን ከፍቼ ደንበኛ ሳይመጣ ሞከርኩት። ምዕራፍ አንድ ላይ አማርኛው አማርኛ ሆኖ ቀረ፤ መልኩ ትንሽ ብቻ ተለወጠ። ምዕራፍ ሦስት ላይ «ግጥም» የሚለው ቃል የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ድብልቅ ሆነ።

አውቶማቲካሊ አፕዴት የሚለውን አንስቼዋለሁ። ሰባራ ባቡር፣ አመሰግናለሁ። በትክክል እንዳልከው ነው፤ ስታይሉ ቦዲ ቴክስት ነበር።

የጥናት አንቀጽ የሚለውን ፈጠርኩ፣ ምዕራፍ አንድንና አራትን አደረግኩበት። ሠንጠረዦቹ አልተንቀሳቀሱም። ብቻዬን እያለሁ አጨበጨብኩ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አንዳንድ አንቀጽ ላይ ስታይሉን ሳደርግበት ቦልድ የነበሩት ቃላት ቀሩ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጠፉ። ለምንድን ነው? ግጥሙስ?

እሪ በከንቱ

ይቅርታ እህት፣ እኔ ግን ሌላ ነገር ልበል። እኔም ፕሪንት ቤት አለኝ። ይህን ሁሉ ደክመሽ ትሠሪያለሽ፤ ደንበኛው ፍላሹን ይዞ ሌላ ቤት ሄዶ ሲከፍተው ፎንቱ የለም ብሎ ሁሉም ይቀየራል። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ አንቺን ነው የሚጠይቅሽ። በሰኔ ወረፋው በር ድረስ ቆሞ ስታይል ለመፍጠር ማን ጊዜ አለው? እኔ በእጄ ሠርቼ አስረክባለሁ። ተቀየረ ከተባለ እንደገና አስከፍላለሁ። ሥራ ነው።

ፊደል ለቃሚው

ወንድሜ፣ የሰኔ ወረፋ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የፎንቱ ችግር በእጅ በተሠራውም ላይ እኩል ይደርሳል። ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ሌላ ፎንት ይተካል፤ በስታይል ተሠራም በእጅ ተሠራም ለእሱ አንድ ነው። መፍትሔው ለፕሪንት ፒዲኤፍ አድርጎ መስጠት ነው። ወርዱን ራሱን ይፈልጋል ከተባለ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ኤምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል የሚል አለ፤ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስታይል ለመፍጠር የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ነው። እሱንም አንዴ ከሠራኸው ያንኑ ፋይል ባዶ አድርገህ ለሚቀጥለው ተማሪ ትጠቀምበታለህ። ደግሞ ደንበኛው ተማሪ ነው፤ ድጋሚ የሚከፍለው ከቤት ከሚላክለት ላይ ቀንሶ ነው።

ልጄ፣ ወዳንቺ ልመለስ። የጠፉትና የቀሩት ቃላት ሕግ አላቸው። ስታይል ስትሰጪው ወርድ አንቀጹን ያያል። በእጅ ቦልድ የተደረገው ከአንቀጹ ከግማሽ በታች ከሆነ፣ «ይህ ሆን ተብሎ የደመቀ ቃል ነው» ብሎ ይተወዋል። ከግማሽ በላይ ከሆነ «ይህ የአንቀጹ መልክ ነበር» ብሎ ያነሳዋል። አጫጭር አንቀጾች ላይ ነው የሚያስቸግረው። ሦስት ቃል ካለው አንቀጽ ሁለቱ ቦልድ ከሆኑ ይጠፋሉ። የመጀመሪያውን ፋይል በጎን ከፍተሽ እነዚያን ብቻ አስተያዪ።

ስለ ግጥሙ። ስንኙ የሚለጠጠው በየስንኙ መጨረሻ ሺፍትና ኤንተር ስለተጫነ ነው። ያ መስመሩን ይሰብራል እንጂ አንቀጹን አይጨርስም። ጀስቲፋይ የሆነ አንቀጽ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው ከመለጠጥ የሚድነው። ሌሎቹን ወርድ እስከ ጠርዝ ይስባቸዋል። ስለዚህ «ግጥም» የሚል ስታይል ፍጠሪ። አሰላለፉ ወደ ግራ፣ ከግራ ኅዳግ አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ገባ ያለ፣ ክፍተቱ 1፣ ከላይና ከታች 12 ፖይንት። ሺፍትና ኤንተሩን ግን ተዪው፤ ጥሩ ነው። አንዱ ግጥም አንድ አንቀጽ ሆኖ ይቆይልሻል። ኪፕ ላይንስ ቱጌዘር የሚለውን ብታደርጊበት ደግሞ ባለ አራት ስንኝ ግጥም ሁለቱ በአንድ ገጽ፣ ሁለቱ በሌላ ገጽ አይቀሩም። ስለ ሥነ ግጥም የሚያጠና ሰው ጥናት ላይ ግጥም ለሁለት ተቆርጦ ሲታይ ያሳፍራል።

አሁን ምዕራፍ ሦስት። ያየሽው ነገር ከዩኒኮድ በፊት የነበረ ጽሑፍ ነው፤ ዩኒኮድ ማለት ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር የጋራ ደንብ ነው። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው አማርኛ ይሥሉበት ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ ያስመሰለው ፎንቱ ብቻ ነው። ክሊር ፎርማቲንግ ፎንቱን ሲያነሳ ሥዕሉ ተነሳ፣ ከሥሩ የነበረው ታየ። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ላይ ኮንትሮልና ስፔስም፣ ክሊር ፎርማቲንግም፣ «የጥናት አንቀጽ»ም አይንኩት።

ትክክለኛው ነገር ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን ከቀየሩ በኋላ በዓይን ማንበብ ያስፈልጋል። ለሐሙስ ግን ጊዜ የለሽም። እንዲህ አድርጊ። «የጥናት አንቀጽ አሮጌ» የሚል ስታይል ፍጠሪ። ቤዝድ ኦን በሚለው ቦታ «የጥናት አንቀጽ»ን ምረጪ። ፎንቱን ብቻ ወደዚያ ወደ ድሮው ፎንት ቀይሪ፤ ሌላ ምንም አትንኪ። ልጅ ከአባቱ እንደሚወርስ ክፍተቱንም፣ አሰላለፉንም ከዋናው ይወርሳል። ዋናውን ስትቀይሪ እሱም ይከተላል። በውስጡ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ግን አንድ በአንድ እዪ፤ የድሮው ፎንት ከያዛቸው ወደ አማርኛ ዝባዝንኬ ይቀየራሉ።

የዚያ ምዕራፍ ርዕሶች ግን በአዲስ ይጻፉ። ማውጫው የራሱ ፎንት ስላለው የድሮው ርዕስ እዚያ ሲደርስ ላቲን ሆኖ ይወጣል። ስንት ርዕስ ቢኖር ነው? ቁጭ ብለሽ ጻፊያቸው።

ደጃች ውቤ

ጥሩ ውይይት ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ወርድ መግዛት ያልቻለ ሰው ሊብረኦፊስ ራይተር ላይ ይህን ሁሉ መሥራት ይችላል፤ በነፃ ነው። ኤፍ 11 ስትጫኑ የስታይሎቹ ዝርዝር በቀኝ በኩል ይከፈታል። በእጅ የተቀባውን ለማንሳት ኮንትሮል ኤም ነው። እኔ የምወደው ከ7.6 ጀምሮ የመጣውን ስፖትላይት የሚባለውን ነው። የትኛው አንቀጽ የትኛው ስታይል እንደሆነ በቀለምና በቁጥር ኅዳጉ ላይ ያሳያል፤ በእጅ የተነካካው አንቀጽ ደግሞ በጭረት ተለይቶ ይታያል። እንዲህ ያለ የተደባለቀ ፋይል ሲመጣልኝ መጀመሪያ እዚያ ላይ ከፍቼ አየዋለሁ።

ሌላው ስለ መስመር ከፍታ ነው። የአማርኛና የእንግሊዝኛ ፎንት ቁመታቸው ስለሚለያይ፣ እንግሊዝኛ ቃል ያለበት መስመርና የሌለበት መስመር ክፍተታቸው እኩል አይሆንም። ገጹ የተዛባ ይመስላል። በስታይሉ ውስጥ 2 ከማለት ኤግዛክትሊ ብሎ 28 ፖይንት መስጠት ይህን ያስተካክለዋል፤ ለ12 ፖይንት ጽሑፍ ከ2 ጋር ቅርብ ነው። ግን ፎቶ ያለበትን አንቀጽ በዚያ ስታይል አታድርጊው፤ ፎቶው ተቆርጦ ቀጭን መስመር ብቻ ይታይሻል። ለፎቶ የራሱን ስታይል ስጪው።

ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት የምትጠቀሚ ከሆነም የራሱ ቦልድ የለውም። ወርድ አወፍሮ ነው የሚያሳየው፤ «ጨ»ና «ጬ»፣ «ሕ»ና «ሐ» ሲወፍሩ በትንሽ መጠን ለመለየት ያስቸግራል። ለርዕስ ከማወፈር መጠኑን ከፍ ማድረግ ይሻላል። በርካታ ውፍረት ያለው ከፈለግሽ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ አለ፤ እሱም በነፃ ነው።

የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ

ሐሙስ ማታ ነው የምጽፍላችሁ።

ማክሰኞ መብራት ሄዶ ግማሽ ቀን አጣሁ። ማክሰኞ ማታ ላፕቶፑን ይዤ ቤት ሄድኩና ምዕራፍ ሦስትን ጨረስኩ። ርዕሶቹ 11 ነበሩ፤ ሁሉንም በአዲስ ጻፍኳቸው። ማውጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሲሠራው ሁለት ርዕስ ጎደለው። ናቪጌሽን ፔን ላይ ፈለግኳቸው፤ ልክ እንደተባለው የሉም። ሄዲንግ 2 ሳላደርጋቸው ያለፍኳቸው ነበሩ። አደረግኳቸው፣ ኤፍ 9 አልኩ፣ ገቡ።

ሰባራ ባቡር፣ ጋሼ፣ ደጃች ውቤ፣ አመሰግናለሁ። እሪ በከንቱ፣ የፎንቱን ነገር አንተ ባታነሳው ኖሮ ፒዲኤፍ መስጠት ትዝ አይለኝም ነበር።

ረቡዕ ጥዋት ልጁ መጣ። ፊቱ ልክ አልነበረም። አማካሪው እንደገና አይተውት፣ ክፍተቱ 2 በጣም ወረቀት ይበላል፣ ወደ 1.5 ይመለስ ብለዋል አለኝ። «እህቴ፣ አውቃለሁ፣ በጣም አስቸገርኩሽ» አለ። ቁጭ በል አልኩት። ከጎረቤት ሻይ አዘዝኩለት። የጥናት አንቀጽን በቀኝ ክሊክ አደረግኩ፣ ሞዲፋይ፣ 1.5፣ ኦኬ። ምዕራፍ ሦስትም ተከተለው፤ ጋሼ እንዳሉት ከአባቱ ወረሰ። ግጥሞቹ አልተነኩም። ማውጫውን ኤፍ 9 አልኩት። ሻዩ ገና አልመጣም ነበር።

ልጁ ስክሪኑን አይቶ «አለቀ?» አለኝ። ገጽ 87 ላይ ያለውን ግጥም ከፍቼ አሳየሁት፤ ስንኞቹ ተሰብስበው፣ አራቱም በአንድ ገጽ። ወንበሩን ጎትቶ ቀረበና አነበበው። ትንሽ ቆየ።

አሁን ጥያቄ አለኝ ጋሼ። ይህንን ፋይል ባዶ አድርጌ ለሚቀጥለው ተማሪ ልጠቀምበት ብዬ ጽሑፉን ሁሉ ሰረዝኩት፤ ስታይሎቹ አሉ። በየጊዜው እየሰረዙ ከመቀመጥ የተሻለ መንገድ አለ?

ፊደል ለቃሚው

አለ ልጄ። ባዶውን ፋይል ሴቭ አዝ በዪና ከታች ያለውን ዓይነት ወርድ ቴምፕሌት አድርጊው። ከዚያ በኋላ ደብል ክሊክ ባደረግሽው ቁጥር ስም የሌለው አዲስ ፋይል ይከፍትልሻል፤ ስታይሎቹ ሁሉ አሉበት፣ ዋናው አይነካም። ከመዝጋትሽ በፊት ግን «የጥናት አንቀጽ አሮጌ»ን ከውስጡ አጥፊው። የሚቀጥለው ተማሪ በዩኒኮድ ጽፎ ይምጣ።